ፌስቡክ ካሜራ የለውም!

በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርስ ስልክ የያዘ ሁሉ ፎቶ አንስቷል። እኛም አንስተናል። አጥሩን፣ የግቢውን በር፣ አልጋና ቁም ሳጥን የተከመረበትን አይሱዙ፣ ልጆች የመጨረሻዋን ኳስ የሚጫወቱበትን መንገድ… ምን ያልተነሳ አለ? ያን ሰሞን የሰፈሩ የቴሌግራም ግሩፕ በፎቶ ተጥለቅልቆ ነበር። «ታሪክ እየሰነድን ነው» እያልን እርስ በርስ ተሞጋግሰናል። የጋዜጠኝነት ምሩቆች አይደለን? ማን ይችለናል!

ከመንገዱ ጥግ ቡና የሚያፈሉ አንዲት እናት ነበሩ። ሰፈሩ በሙሉ «እማማ» ነው የሚላቸው። ረከቦታቸውን ከማንሳታቸው በፊት በነበረው እሑድ ከመካከላችን አንዷ ፎቶ አነሳቻቸው። ጀበናውን እንደያዙ ፈገግ ብለዋል፤ ከኋላቸው ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ይታያል። ፎቶውን ወዲያው ለሰፈሩ ግሩፕ ላከችው። ከሥሩ የጻፈችው «እማማዬ» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ነበር፤ ከልብ ምልክት ጋር። በቃ። ከዚያ ሰፈሩ ተበተነ። ገሚሱ ገላን ጉራ ገባ፣ ገሚሱ ዘመድ ተጠጋ፣ የቀረው የት እንደደረሰ እንኳ አናውቅም። ግሩፑም እንደ ሰፈሩ ፈረሰ። የአንሺዋም ስልክ ሚኒባስ ውስጥ ተሰረቀ።

ከወራት በኋላ እማማ አረፉ። ልጃቸው ደወለችልን። «ያቺን ፎቶ ስጡኝ። መታወቂያዋ ላይ ካለው ሌላ የእማዬ ፎቶ የለኝም» አለች።

ፈለግን። አገኘነውም! የት? ብዙ ሺህ ተከታይ ባለው አንድ የቴሌግራም ቻናል ላይ። ፎቶው ተቆርጧል፤ ሰማያዊው በር የለም። ቀለሙ ሆን ተብሎ እንዲደበዝዝ ተደርጓል፤ አሮጌ እንዲመስል። በእማማ ነጠላ ላይ የቻናሉ አርማ ተለጥፏል። ከሥሩ ደግሞ «የድሮ ፒያሳ ትዝታ! ስንቶቻችሁ ታስታውሳላችሁ?» ይላል። አንድ አስተያየት ሰጪ «በደርግ ጊዜ የነበሩ እናት ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማር» ብሏል። ሰፈሩ ካዛንቺስ ነው። ዓመቱ 2017 ነው። ያ አስተያየት ሲጻፍ እማማ በሕይወት ነበሩ።

ለቻናሉ ባለቤት ጻፍንለት። መልሱ አጭር ነበር፤ «ፎቶውን ያገኘነው ከፌስቡክ ነው።»

ምንጭ፦ ፌስቡክ

እስቲ ይህችን ዓረፍተ ነገር ቆም ብለን እንያት። ከፌስቡክ ነው! ፌስቡክ ካሜራ አንጠልጥሎ ካዛንቺስ ሲዞር ያየ ሰው አለ? እማማን «ቀና ይበሉልኝ» ያላቸው ፌስቡክ ነው? ከሳቸው ሁለት ሲኒ ጠጥቶ ሒሳብ ሳይከፍል የሄደው እሱ ይሆን እንዴ?

ይህ የቻናሎች አመል ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልተናደድን ነበር። ግን ደመወዝ የሚከፈላቸው፣ የአርታኢ ወንበር ያላቸው፣ እኛ ሥራ ፍለጋ ሲቪያችንን ይዘን በራቸውን የምናንኳኳባቸው የሚዲያ ተቋማትም ይህንኑ ያደርጋሉ። «ፎቶ፦ ከማኅበራዊ ሚዲያ»፣ «ፎቶ፦ ከኢንተርኔት»፣ «ፎቶ፦ ከፋይል»። ፋይል የሚባል ፎቶ አንሺ ቢኖር ኖሮ ይህን ጊዜ ከአገሪቱ ባለጠጎች አንዱ በሆነ ነበር፤ ያልሠራበት ጋዜጣ የለምና።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍን ከሚጠበቁ ሥራዎች መድቦታል፤ ለሠሪውም የሥራው ባለቤት እንደሆነ የመታወቅ መብት ሰጥቶታል። አዋጁ ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። በዚያ ዓመት የተወለደ ልጅ ዛሬ ቻናል ከፍቶ የሰው ፎቶ ላይ አርማውን ይለጥፋል።

ነገር ግን፣ ወዳጆቻችን፣ ዛሬ የተነሳነው ስለ ፎቶ ስርቆት ብቻ ለማልቀስ አይደለም። ሌባውን መራገም ቀላል ነው፤ ያውም ደስ ይላል። ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው። የእማማ ፎቶ ለምን እንዲህ በቀላሉ የፒያሳ ሆነ? ለምን እንዲህ በቀላሉ የደርግ ዘመን ሆነ? ማንም ተነስቶ ለምን የፈለገውን ስም ሊያወጣለት ቻለ? መልሱ ያሳፍራል። ስም ስላልነበረው ነው። ስም የነሳነው ደግሞ እኛ ነን። አራት ዓመት ሙሉ «ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን፣ እንዴት» ሲባልልን የኖርን ሰዎች «እማማዬ» ብለን ለቀቅነው። የመጀመሪያው ዓመት መምህራችን ቢያዩት ወረቀቱን መልሰው በወረወሩልን።

የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ብለዋል። በፎቶ ያለስ? ፎቶ ስላለ ብቻ የተወረሰ ይመስለናል። ስልካችን በፎቶ ተጨናንቆ «ቦታ የለም» ይላል። ቴሌግራሙ፣ ቲክቶኩ፣ ዩቲዩቡ፣ ፌስቡኩ ሞልቶ ይፈሳል። አንዲት የተለየች ፎቶ ስንፈልግ ግን የለችም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው።

ለምን እንደሆነ እንይ። ስልክ ፎቶ ሲያነሳ ከምስሉ ጋር ጥቂት የማይታይ ጽሑፍ አብሮ ያስቀምጣል። ኤግዚፍ ይሉታል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የስልኩን ዓይነት፣ ከተፈቀደለትም ቦታውን ይይዛል። እንደ ክርስትና ካርድ በሉት። አሁን ያንን ፎቶ በቴሌግራም እንደ «ፎቶ» ስትልኩት መተግበሪያው ምስሉን ያሳንሰዋል፤ ካርዱንም ቀዶ ይጥለዋል። እንደ «ፋይል» ስትልኩት ግን እንዳለ ይደርሳል። የሁለቱ ልዩነት አንዲት ጣት መንካት ናት። ለነገሩ ካርዱ መቀደዱ ክፋት ብቻ አይደለም፤ የቤታችንን አድራሻ ለማናውቀው ሰው እንዳናድል ይጠብቀናል። ችግሩ መተግበሪያው ያነሳውን እኛ በእጃችን መልሰን አለመጻፋችን ነው። መጻፊያ ቦታ ጠፍቶ ነው እንዳንል ከፎቶው ሥር 1024 ፊደልና ምልክት ይፈቅድልናል። እኛ የተጠቀምነው «እማማዬ» የምትለዋን ብቻ ነው። አራት ፊደል!

ሁለተኛው ነገር አደራደሩ ነው። የቴሌግራም ግሩፕ አንድ ሥርዓት ብቻ ያውቃል፤ የመጣበትን ቅደም ተከተል። የዛሬው የትናንቱን ይገፋዋል፤ «እንደምን አደራችሁ» የሚለው አበባ የፈረሰውን ቤት ይሸፍነዋል። ፌስቡክና ቲክቶክማ ይህችንም ሥርዓት አያውቋት። እዚያ የሚቀድመው የሚያስቆየው ነው፤ የሚያስለቅሰው፣ የሚያናድደው፣ የሚያስጨፍረው። የእነዚህ መድረኮች ጥቅም እኛ እዚያው ስንንከራተት መዋላችን ነው፤ የምንፈልገውን አግኝተን ብንወጣማ ምን ይጠቅማቸዋል? ስለዚህ ንብረታችንን እነሱ ያደራጁልናል ብሎ መጠበቅ የመርካቶ ጫኝ የቤታችሁን ዕቃ በየክፍሉ እንዲደረድርላችሁ እንደ መጠበቅ ነው። እሱ ያራግፋል፣ ይሄዳል።

1997 ስንት ነው?

«እንግዲህ ዓመተ ምሕረቱን ብንጽፍ አይበቃም?» ትሉ ይሆናል። የትኛውን ዓመተ ምሕረት?

ለምሳሌ አንድ ሰው የምርጫ ፎቶ ጫነና ከሥሩ «1997» ብሎ ጻፈ። እኛ ግንቦት 7ን እናስታውሳለን፤ ያደግነው በወሬው ነዋ። በእኛ አቆጣጠር የማያውቅ ሰው ግን ቁጥሩን እንደ ፈረንጅ ካነበበው ፎቶው ወደ 1989 ወይም 1990 ይወርዳል፤ ከባድመ ጦርነት በፊት ማለት ነው። አንድ ቁጥር ተሳስቶ ሰባት ስምንት ዓመት ታሪክ ተንሸራተተ። አንድ ጦርነት ተዘለለ! ሁለት ፊደል ብቻ ቢጨመርበት፣ «ዓ.ም.» ቢባል፣ ወይም «እ.ኤ.አ. 2005» ቢባል ነገሩ ባለቀ ነበር። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። የስልኩ ካርድ 8 ሰዓት ያለው ጠዋት እኛ 2 ሰዓት የምንለው ነው። ፎቶው የማስረጃ ጉዳይ የሆነ ዕለት ስድስት ሰዓት ሙሉ ቀልድ አይደለም።

ፊደሉስ? የእኛ ፊደል በዩኒኮድ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የራሱ ቋንቋ ነበረው፤ ያንዱን ሌላው አያነብም። ያ አለፈ፤ ተመስገን። ግን «ፀሐይ»ን አንዱ «ጸሀይ»፣ ሌላው «ፀሃይ» ብሎ ሲጽፋት ለእኛ አንድ ናት፤ ለፍለጋው ሣጥን ግን ሦስት የተለያዩ ፀሐዮች ወጥተዋል። ሐረርን በሐመሩ «ሐ» ብትፈልጉ በሃሌታው «ሀ» የተጻፈውን ላታገኙት ትችላላችሁ። «ካዛንቺስ» በላቲን ፊደል ሲጻፍማ አንዱ በኬ፣ ሌላው በሲ ይጀምረዋል፤ መሐሉን አንዱ በዜድ፣ ሌላው በኤስ ይጽፈዋል። አንድ ሰፈር በአራት ስም ተበታትኖ ይኖራል። ከመፍረሱም በፊት ማለት ነው።

የሰውም ስም አለ። ጥላሁን ገሠሠን በአባቱ ስም «ገሠሠ» በሚል መደብ ከሚያስቀምጡት የፈረንጅ የዘፈን ዝርዝሮች ውስጥ ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ? እነሱ የቤተሰብ ስም መስሏቸው ነው፤ አይፈረድባቸውም። በእኛ ግን ይፈረዳል። የድሮ ካሴት ወደ ዩቲዩብ የምንጭነው እኛው ነን። የካሴቱ ሽፋን ላይ ግጥሙን የጻፈው፣ ዜማውን የደረሰው፣ ያቀናበረው ሰው ስም ታትሞ ይገኛል። እሱን ትተን «ምርጥ የድሮ ዘፈን ቁጥር 3» ብለን እንጭነዋለን። ገጣሚው በካሴት ዘመን የነበረውን ስም በኢንተርኔት ዘመን አጣው። ይህ ሥልጣኔ ከሆነ እንጃ!

ሌሎችስ ምን አደረጉ?

ይህ ሁሉ የድሃ አገር ዕጣ ነው የምትሉ ካላችሁ አንስማማም። ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር እምብዛም የለውም።

እ.ኤ.አ. በጥር 2008 የአሜሪካው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ከያዛቸው ፎቶዎች ወደ 3,000 የሚሆኑትን ፍሊከር በተባለው የፎቶ መድረክ ላይ አውጥቶ ለሕዝቡ «የምታውቁትን ጻፉልን» አለ። ዓለም ያወቀው፣ በባለሙያ የተሞላ ቤተ መጻሕፍት ነው እንዲህ ያለው! ሰዉም ጻፈ። «ይህ መንገድ የኛ ከተማ ነው»፣ «ይህ ሰው እገሌ ነው»፣ «ይህ ሕንጻ እስካሁን አለ»። ቤተ መጻሕፍቱ የተባለውን ዝም ብሎ አልተቀበለም፤ አጣራ፤ የተረጋገጠውን ወደ መዝገቡ አስገባ። በዚያው ዓመት ውስጥ ከ500 በላይ መዝገቦች በዚህ መንገድ ተሻሻሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የምንለው እኛ፣ አንበሳውን ያሰሩት እነሱ።

ዊኪሚዲያ ኮመንስን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2004 ነው የተከፈተው፤ ዛሬ ከ100 ሚሊዮን በላይ ፋይል ይዟል። ይህን ሁሉ የሚያደራጁት በአብዛኛው ያለ ክፍያ የሚሠሩ ተራ ሰዎች ናቸው። እዚያ ፎቶ ስትጭኑ መድረኩ እንደ ጥብቅ የቀበሌ ጸሐፊ ይጠይቃችኋል። ምንድን ነው? መቼ ነው? ማን አነሳው? ከየት አመጣኸው? ሌላ ሰው እንዲጠቀምበት ፈቅደሃል? ባለቤቱና ፈቃዱ ካልታወቀ ፎቶው ይሰረዛል። «ከፌስቡክ ነው» ብትሏቸው ይስቁባችኋል። ፍጹም ነው አላልንም፤ መደቦቹ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ናቸው፤ ያ የራሱ ሌላ ጠብ ነው። ግን እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ፎቶ በየቋንቋው አጭር መግለጫ ማስገባት ይቻላል፤ በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በትግርኛም። ማን ከለከለን?

የማደራጀት ነገር የቤተ መጻሕፍት ሰዎች ወግ ብቻ የሚመስለው ካለ ይህንን ይስማ። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2017 ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት በአንድ የሊቢያ አዛዥ ላይ የእስር ማዘዣ አወጣ። ከቀረቡት ማስረጃዎች መካከል በማኅበራዊ ሚዲያ የተለቀቁ የግድያ ቪዲዮዎች ይገኙበታል። ተጠርጣሪው ችሎት ሳይቀርብ በ2021 ተገደለ፤ ቪዲዮዎቹ ግን የፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ደርሰው ነበር። በዚያው ኦገስት 2017 ደግሞ የዩቲዩብ ማሽን አክራሪነትን አጠፋለሁ ብሎ የሶርያ ጦርነትን የሚያሳዩ ቪዲዮዎችን በጅምላ አነሳ። ያ ሁሉ ምስክርነት ቀድመው ቅጂ የያዙና ቦታውን፣ ቀኑን፣ ምንጩን የመዘገቡ እንደ ሶርያ አርካይቭ ያሉ ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ የት ይገኝ ነበር?

ወደ ቤታችን እንመለስ። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. በኋላ ባየነው ጦርነት ስንት ጊዜ ነው የሌላ አገር ሬሳ የእኛ ነው ተብሎ በስልካችን የዞረው? ስንት ጊዜስ ነው የእኛው እውነተኛ ሬሳ «ይህ የሌላ አገር ፎቶ ነው» ተብሎ የተካደው? ሁለቱም የሚቻለው ፎቶው ስም፣ ቦታና ቀን ስለሌለው ነው። ባለቤት የሌለው ፎቶ ለዋሹም ለከዳውም ያገለግላል። ለሟች ግን አያገለግልም።

«ግን እኮ…»

ይህን ስናወራ የሚገጥሙንን መልሶች እናውቃቸዋለን። አንድ በአንድ እንያቸው።

«አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ያደራጀዋል።» ይህ የሰሞኑ መልስ ነው። ማሽኑ የእማማን ፎቶ ቢያይ ምን ይላል? «ሴት፣ ጀበና፣ በር።» እውነት ነው። ግን ጀበናማ በአገሩ ሞልቷል። በሩ የማን ቤት በር እንደሆነ፣ ሴትየዋ ዱቤ የማይከለክሉ እንደነበሩ፣ ያ እሑድ የመጨረሻው እሑድ እንደነበር ማሽኑ ከየት ያመጣዋል? ያልነገሩትን አያውቅ። ሲገምት ደግሞ እንደ ቻናሉ ባለቤት በሙሉ ልብ ነው የሚሳሳተው።

«ስም መጻፍ ያስጠይቃል፤ ሰው ያሳስራል።» ይህንን አንስቅበትም። እውነት ነው፤ በአገራችን ስም ያለበት ፎቶ ሰውን ችግር ላይ ሊጥል ይችላል። ግን መመዝገብና ማሰራጨት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ሙሉውን መረጃ እቤታችሁ፣ በደብተርም ይሁን በሃርድ ዲስክ መዝግቡ፤ ለአደባባይ የሚወጣውን ምረጡ። «ስማቸው ለደኅንነታቸው ሲባል ያልተጠቀሰ» ብሎ መጻፍም መረጃ ነው። ምንም አለመጻፍ ግን ጥንቃቄ አይባልም። ዳር ዳር ስንል ስንፍናችንን ጥንቃቄ ብለን አናቆላምጠው።

«ጊዜ የለንም።» የእማማን ፎቶ በትክክል መግለጽ ግማሽ ደቂቃ ይፈጃል። እኛ ፎቶውን ፍለጋ ያጠፋነው ሦስት ሳምንት ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

«ኢንተርኔት ላይ ነው ያለው፣ የትም አይሄድም።» ይህ ከሁሉ የከፋው ነው። ጂኦሲቲስ ላይ የሰዎች የግል ገጾች ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ተዘጋ። ማይስፔስ እ.ኤ.አ. በ2019 በሰርቨር ዝውውር የ12 ዓመት ሙዚቃ እንደጠፋበት አመነ። ፍሊከር ራሱ በዚያው ዓመት በነጻ ተጠቃሚዎቹ ላይ የ1,000 ፎቶ ገደብ አበጀ፤ ትርፉን እንደሚሰርዝም አስታወቀ፤ ያዳናቸው በግልጽ ለጋራ ጥቅም የተፈቀዱት ፎቶዎች ናቸው። ልብ በሉ! ስም፣ ባለቤትና ፈቃድ የነበረው ተረፈ። ኢንተርኔት የኪራይ ቤት ነው። አከራዩ ውጡ ሲል ዕቃውን አሰባስቦ የሚወጣ በሥርዓት ያስቀመጠ ብቻ ነው። ካዛንቺሶች ይህንን ለማስረዳት ምሳሌ አያስፈልገንም መሰለን።

እና ምን ይደረግ?

መንግሥት አርካይቭ ያቋቁም ብለን ልንጨርስ እንችል ነበር። ያቋቁም፤ ማን ጠላ? ወመዘክር የታተመውን ይሰበስባል፤ በየሰፈሩ ግሩፕ ያለውን የሚሰበስብልን እስኪመጣ ብንጠብቅ ግን እናረጃለን። ስለዚህ ከእኛው እንጀምር።

እኛ ጀምረናል። ከእማማ ሞት በኋላ የቀድሞ ጎረቤቶቻችንን አንድ በአንድ ደውለን አሰባሰብን፤ አዲስ ግሩፕ ከፈትን። ሕጉ አንድ ነው፤ ፎቶ ያለ መግለጫ አይገባም። የሚጠየቀው አምስት ነገር ነው። ምን ወይም ማን? የት፣ በሰፈሩ ሰው አጠራር? መቼ፣ በየትኛው አቆጣጠር? ማን አነሳው? ለሌላ ሰው ማሳየት ይቻላል ወይ? ፎቶው እንደ ፋይል ይላካል። ከሥሩ «ካዛንቺስ» የሚለው ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ፊደል፣ በሃሽታግ ይጻፋል። ቅጂው በሁለት ሃርድ ዲስክ፣ በሁለት የተለያየ ሰው ቤት ይቀመጣል። ይኸው ነው። ሮኬት ሳይንስ አይደለም።

መጀመሪያ ላይ ሰዉ ተማረረ። «ምነው፣ የቀበሌ ፎርም አደረጋችሁት!» አሉን። ከዚያ አንድ አባት ስለ አንዲት ጠባብ መንገድ ፎቶ ሁለት መስመር ጻፉ። ሌላ እናት «አይ፣ እሷን መንገድ እኛ እንደዚያ አልነበረም የምንላት» ብለው መለሱ። ሁለቱንም ስም መዘገብን። ሦስተኛ ሰው መጥቶ ያቺ መንገድ ላይ ማን ማን ይኖር እንደነበር በር በበር ቆጠረልን። በአንድ ምሽት አንዲት የደበዘዘች ፎቶ ዘጠኝ ቤተሰብ ወለደች። ያኔ ነው መግለጫ መጻፍ የቢሮ ሥራ እንዳልሆነ የገባን። ጎረቤትነት ነው፤ የተበተነ ጎረቤት ሌላ መሰብሰቢያ የለውም። «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለው መጽሐፍ ከየቤቱ አልበም የወጡ ፎቶዎችን ሰብስቦ ሲያሳየን ሁላችንም ወደድነው። ለምን ወደድነው? ከፎቶዎቹ ጀርባ ሰዎች ስላሉ ነው።

ለቻናል ባለቤቶች፦ አርማችሁን ከመለጠፋችሁ በፊት አንዲት ጥያቄ ጠይቁ፤ ማን አነሳው? ካላወቃችሁ «አንሺው አልታወቀም፣ የሚያውቅ ይንገረን» በሉ። ማፈሪያ የለውም፤ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እንኳ ብሎታል። ፎቶም አትቁረጡ። ያ የቆረጣችሁት ሰማያዊ በር የአንድ ሰው ቤት ነበር።

ለአርታኢዎቻችን፦ «ምንጭ፦ ፌስቡክ» የምትለዋን ከዛሬ ጀምሮ አውጡልን። አንድ ሰው መሬት ላይ ተንበርክኮ፣ ፀሐይ ጠብቆ፣ አንዳንዴም ዱላ ቀምሶ ያነሳውን ፎቶ ለአሜሪካ ኩባንያ አትሸልሙበት።

ለእኛ ለራሳችን፦ ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል። ሌባ ላይ ከመጮኻችን በፊት ንብረታችን ላይ ስማችንን እንጻፍ።

የእማማ ፎቶ ኦሪጅናሉ አልተገኘም። የተሰረቀው ስልክ አልተመለሰም፤ ከግሩፑም ያስቀመጠው ሰው የለም። ለተዝካሩ የታተመው ያ የተቆረጠው፣ የደበዘዘው፣ አርማ ያለበት ፎቶ ነው። ልጃቸው አርማውን በጥቁር ሪባን ሸፈነችው። ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠን ሪባኑን ስናይ ማናችንም ቀና ማለት አልቻልንም።

አሁን በመዝገባችን ላይ እንዲህ ተጽፏል። «ቡና የሚያፈሉ እናት፤ ካዛንቺስ፤ በ2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2024) ሰፈሩ ከመፍረሱ በፊት በነበረው እሑድ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ። ከኋላቸው ሰማያዊ በር ነበር፤ ተቆርጧል። ያነሳቻቸው ከመካከላችን አንዷ ናት። እንዲታይ ልጃቸው ፈቅዳለች።»

ይህን ለመጻፍ ግማሽ ደቂቃ ፈጀብን። ስልካችሁን አውጡ፤ የመጨረሻ ያነሳችሁትን ፎቶ ክፈቱና የእናንተን ግማሽ ደቂቃ ጀምሩ።

ቸር ይግጠመን!